ንባብ ቤቱ ለእንግዳም ይከፈት

ፊደል ከቆጠራችሁ ወዲህ ንባብ ቤት መግባት ለምዳችኋል። ዛሬ የምናነሳው በሩ ላይ ቆሞ የሚመለሰውን ሰው ነው።

ከፈረስ ቤት ደጋ ወርደን ቡሬ ገበያ ስንደርስ የምንሰማው አማርኛ ብቻ አይደለም። ከእንጅባራ በኩል የመጣው አገውኛ ይናገራል፤ ባለቤቶቹ አውንጊ ይሉታል። ዓባይን ተሻግሮ በነቀምት መንገድ የመጣው ኦሮምኛ ይናገራል። በርበሬ ስንሸጥለት በእጅ ምልክትም ቢሆን እንግባባለን። ጽሑፍ ግን በምልክት አይነበብም።

አማርኛ በቅጡ የማይሰማ ሰው የፍርድ ቤት መጥሪያ ደረሰው እንበል። ፊደሉን እየለቀመ ድምፁን ያወጣዋል። ቀጠሮው ግን አይገባውም፤ ቀኑ ያልፍበታል። ታዲያ ፊደል ቆጠረ ማለት ምን ዋጋ አለው?

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ይህን አይቶ ነበር። ትምህርቱ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። ሁሉም በግዕዝ ፊደል ተጻፉ። አውንጊ ግን ከ15ቱ ውስጥ አልነበረም። የጎረቤታችን ቋንቋ! ወደ ትምህርት ቤት የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ የአዊ ልጆች በአውንጊ ይማራሉ፤ የሚጽፉትም በዚሁ በምናውቀው ፊደል ነው።

የኦሮምኛው ነገር ይለያል። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የሚጻፈው ቁቤ በሚባለው በላቲን ፊደል ነው። በዘመቻው ጊዜ ኦሮምኛን በግዕዝ ፊደል የተማሩ አባት የልጃቸውን መጽሐፍ ማንበብ ይቸግራቸዋል። ልጁም የአባቱን መማሪያ ቢያገኝ አያነበውም። ንባብ ቤቱ ሁለቱንም ዓይነት ቢይዝ አባትና ልጅ አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጡ ነበር።

ዩኔስኮም በ1987 ዓ.ም. ስለ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ባወጣው መግለጫ፣ ቋንቋቸው ከብዙኃኑ ለተለየ ሰዎች የተለየ አገልግሎት ይሰጥ ብሏል።

ይሄ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። በሩ ላይ «ግቡ» የሚለው ቃል በሦስቱም ቋንቋ ይጻፍ። ኃላፊው «አካም ጅርቱ» ማለት ይልመድ። በገበያ ቀን ይከፈት፤ እንግዳው የሚመጣው ያን ቀን ነውና። (በገበያ ቀን የሚዘጋ ንባብ ቤት ለማን ነው?) የአውንጊ መጽሐፍ ካልተገኘ ደግሞ፣ አንዲት የአገው እናት ተረት ይንገሩን፤ በአውንጊ የተማረ ልጅ ይጻፍላቸው። ያ ደብተር ከመጻሕፍቱ ጋር መደርደሪያው ላይ ይቀመጥ።