ሞተሩ ይጮኻል፣ ውሃውስ የታለ?

የዛሬው ንግግራችን ስለ ውሃ መሳቢያ ሞተር ነው። በተለይም አየር ስለሚስብ ፓምፕ እንነጋገራለን።

በጣና ዙሪያ፣ በፎገራ ሜዳ፣ በርብና በጉማራ ወንዝ ዳር ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬዎች ይህን ችግር ያውቁታል። ወሩ የካቲት ነው። ፀሐዩ ከሯል። ሽንኩርቱ ውሃ ተጠምቷል። ሞተሩ ተነሣ። ይጮኻል፣ ይጨሳል፣ ቤንዚኑን ይጠጣል። ውሃው ግን አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይቋረጣል። ቱፍ ቱፍ እያለ አረፋ ይተፋል። ወይም ጭራሹን አይመጣም። ያን ጊዜ ሰውየው “በቃ፣ ሞተሩ ሞተ” ይልና ተሸክሞት ወደ ከተማ ይሄዳል። ሁለት ሦስት ቀን ያልፋል። ሽንኩርቱ ግን ሦስት ቀን አይጠብቅም። ብዙውን ጊዜ ደግሞ ሞተሩ ደህና ነው። ጥፋቱ በመሳቢያው ጎማ በኩል የሚገባ አየር ነው።

ይህ እንዴት ይሆናል? ልጆች በመቃ ውሃ ሲጠጡ አይታችኋል። መቃው ደህና ከሆነ ውሃው ወደ አፍ ይወጣል። ወገቡ ላይ ቢሰነጠቅስ? ልጁ ቢስብ፣ ቢስብ የሚያገኘው አየር ነው። ውሃ ከባድ ነው፤ አየር ቀላል ነው። ቀላሉ ቀድሞ ይገባል።

ፓምፑም እንደዚያው ነው። በሆዱ ውስጥ የሚሽከረከር ክንፍ አለ። ክንፉ በሆዱ ያለውን ውሃ ወደ ውጭ ይወረውራል። በዚያ ጊዜ መሃል ላይ ግፊት ይቀንሳል። በወንዙ ላይ የተጫነው አየር ደግሞ ውሃውን በጎማው ውስጥ ወደ ላይ ይገፋዋል። አየር ክብደት አለው ወይ? አዎን፣ አለው። እኛ ስለለመድነው አይሰማንም እንጂ። ስለዚህ ፓምፑ ከመነሣቱ በፊት ሆዱ በውሃ መሞላት አለበት። በአንዳንዱ ፓምፕ ጎማውም ጭምር ይሞላል። ክንፉ ውሃን እንጂ አየርን መወርወር አይችልበትም። ደረቁን ከሠራም ዘንጉ ላይ ያለው የውሃ መከላከያ ጎማ ይቃጠላል። ያን ጎማ የሚያቀዘቅዘው ውሃው ነውና።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ በሉ። ፓምፑ ሁለት ወገን አለው፤ መሳቢያና መግፊያ። በመግፊያው በኩል ቀዳዳ ካለ ውሃ ይረጫል፤ ታዩታላችሁ። ውሃው ከፓምፑ በታች ከሆነ ግን፣ በመሳቢያው በኩል ካለው ቀዳዳ ሞተሩ እየሠራ አንዲት ጠብታ አትወጣም። አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ። ስለዚህ መገጣጠሚያው ደረቅ ስለሆነ ብቻ “ይሄስ ደህና ነው” ብላችሁ አትለፉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚንጠባጠበውን የመግፊያ ጎማ ሲያስር ይውላል፤ ሌባው ግን በደረቁ በኩል ነው።

ታዲያ ሌባውን እንዴት እንይዘዋለን? መጀመሪያ ወንዙን እዩ። በበጋ ውሃው ይጎድላል። ትናንት ጠልቆ የነበረው ወንፊት ዛሬ ከላይ ቀርቶ ይሆናል። በወንፊቱ ላይ ውሃው እንደ አዙሪት ከዞረ አየር እየገባ ነው። ጎማውን አጥልቁት።

ቀጥሎ ሞተሩን አጥፉ። ጎማውን ከወንዙ አውጡ። አንዱን ጫፍ አጥብቃችሁ ድፈኑ። በሌላው ጫፍ ውሃ ሙሉበትና ከፍ አድርጋችሁ ያዙት። አሁን ነገሩ ተገለበጠ! ውሃው በክብደቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል። አየር ያስገባ የነበረው ስንጥቅ አሁን ውሃ ያንጠባጥባል። በዚያው ላይ ምልክት አድርጉበት። በእኔ ግምት ከዚህ የሚሻል መፈተኛ የለም። ዋጋው አንድ ባልዲ ውሃ ብቻ ነው።

መገጣጠሚያውን ደግሞ በሳሙና አረፋ ፈትኑ። ሞተሩ እየሠራ አረፋውን በመሳቢያው መገጣጠሚያ ዙሪያ ቀቡት። አረፋው ወደ ውስጥ ከተሳበ ቀዳዳው እዚያ ነው። ጎማውን የሚያጠብቀውን ፋሸታ አጥብቁት። ፋሸታው ከዛገ ለውጡት። የውሃ መሙያውን ክዳንና የማፍሰሻውን ቡሎን አትርሱ። ከክዳኑ ሥር ያለው ጓርኒሲዮን ከደረቀ አየር ያስገባል። ክር ባለው መገጣጠሚያ ላይ ቴፍሎን ይጠመጠማል። እሳት ወይም ጢስ አስጠግቶ የሚፈትን ሰው አለ። ቤንዚን ባለበት ይህ አይሞከርም!

ጎማው መሃል ላይ እንደ ግመል ሻኛ ካበጠም አየር እዚያ ይከማቻል። ከውሃው እስከ ፓምፑ ድረስ ሳያጎነብስ ሽቅብ ይውጣ።

ሁሉም ደህና ሆኖ ውሃ እምቢ ካለስ? ከፍታውን ለኩ። በባሕር ጠረፍ አየር ውሃን የሚገፋው ቢበዛ 10 ሜትር ያህል ነው። ወደ ደጋ ስንወጣ አየሩ ይሳሳል። በጣና ዙሪያ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም፣ ይህ ቁጥር ወደ 8 ሜትር ይወርዳል። በሥራ ላይ ደግሞ ከ5 ወይም ከ6 ሜትር በላይ አትጠብቁ። ፓምፑ ላይ 8 ተብሎ የተጻፈውን ቁጥር አሁን ታነቡታላችሁ። ያ ቁጥር ግን ለባሕር ጠረፍ የተባለ ነው።

እዚህ ላይ ነው አደጋው። ውሃው ራቀ ብለው ሞተሩን ጉድጓድ ውስጥ የሚያወርዱ አሉ። እባካችሁ፣ ይህን አታድርጉ። የሞተሩ ጢስ የማይታይና የማይሸት መርዝ አለበት። በጉድጓድ ውስጥ ይታፈንና ሰውን በጥቂት ደቂቃ ይገድላል። ሊያወጣ የገባውም አብሮ ይቀራል። ሞተሩን ወደ ውሃው ማቅረብ ካስፈለገ በወንዙ ዳር ነፋስ የሚያገኘው ሰፊ መደብ ቆፍሩለት። ሰው ጉድጓድ ውስጥ ከወደቀ ተከትላችሁ አትግቡ። ጩኹ፣ ሰው ጥሩ። የሚሰማችሁ ከሆነ ገመድ ጣሉለትና ከላይ ሆናችሁ ጎትቱት።