የእጅ ባትሪው ካሜራ ለምን ይጠይቃል?

የቆየ አንድሮይድ ስልክ የነበረው ሰው ያስታውሰዋል፤ የእጅ ባትሪ አፕ ሊጭን ሲል ከሚደረደሩለት የፈቃድ ጥያቄዎች አንዱ የካሜራ ነበር። ለመብራት ካሜራ ምን ያደርጋል ብሎ መጠርጠር ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 (ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አንድ ታዋቂ የባትሪ አፕ የተጠቃሚዎቹን መገኛ ለማስታወቂያ ድርጅቶች ያቀብል ነበር ሲል ሠሪውን ከሶ ነበር። የካሜራው ጥያቄ ግን ተንኮል ሳይኖርበትም ይቀርብ ነበር። አፕ ሠሪው ሌላ አማራጭ አልነበረውም።

አፕ በራሱ ሥልጣን የስልኩን መብራት ማብራት አይችልም። መብራቱን፣ ማይክሮፎኑን፣ ጂፒኤሱን የሚያዘው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው፤ የአፑ ድርሻ መጠየቅ ብቻ ነው። ምን ብሎ እንደሚጠየቅ፣ ምን እንደሚቀርብና ምን እንደሚመለስ የሚወስነው ስምምነት ኤፒአይ ይባላል። የወረዳ ጽሕፈት ቤት መስኮትን ያስቡ። ቅጹን ሞልተው ያስገባሉ፤ ከውስጥ ማን በየትኛው መዝገብ እንደሚሠራው አያዩም፣ ማየትም አያስፈልግዎትም። መስኮት ያልተከፈተለት ጉዳይ ከሆነ ግን ቢለምኑም አይፈጸምም።

በቀደሙት አንድሮይዶች ለመብራቱ ብቻ የተዘጋጀ ትእዛዝ አልነበረም። መብራቱ የካሜራው ፍላሽ ስለሆነ፣ ሊያበራው የፈለገ አፕ ካሜራውን ራሱን መክፈት ነበረበት፤ ለዚያ ደግሞ የካሜራ ፈቃድ ግድ ነው። በ2015 አንድሮይድ 6.0 ሲወጣ «ሰት ቶርች ሞድ» የምትባል ትእዛዝ ተጨመረች። የምትፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ የየትኛው ካሜራ ፍላሽ እንደሆነ፣ ይብራ ወይስ ይጥፋ። ካሜራውን ሳትከፍት ታበራለች፤ የካሜራ ፈቃድም አያስፈልጋትም። ዛሬም ካሜራውን ካልፈቀዱልኝ አላበራም የሚል የባትሪ አፕ ቢያጋጥምዎ አጥፍተው ሌላ ቢያወርዱ ይሻላል።

አፕ ምን መጠየቅ እንደሚችል የሚወስነው እንግዲህ ስልኩን የገዛው ሰው ሳይሆን ሲስተሙን የሠራው ድርጅት ነው። አይፎን በጁን 2007 ለገበያ ሲቀርብ ለውጭ ፕሮግራመሮች የተከፈተ ኤፒአይ አልነበረውም፤ የአፕል መሪ ስቲቭ ጆብስ የነገራቸው በስልኩ ብራውዘር የሚከፈቱ የዌብ አፖች እንዲሠሩ ነበር። አፕል የመሥሪያ ኪቱን በማርች 2008 ለቀቀ፤ በጁላይ አፕ ስቶር 500 ያህል አፖች ይዞ ተከፈተ። ዓመት ሙሉ በሰው ኪስ ውስጥ የነበረው ያው ስልክ፣ አንድም ዕቃ ሳይቀየርለት፣ ጌም መጫወቻም መዝገበ ቃላትም ሆነ።

ለእኛ ቀረብ ያለ ምሳሌም አለ። አንድሮይድ 7.0 በ2016 ሲወጣ «ኢትዮፒክ ካሌንደር» የተባለ ክፍል ይዞ መጣ። ከዚያ በፊት የእኛን ቀን ማሳየት የፈለገ አፕ ሠሪ ስሌቱን ራሱ ይጽፋል፣ ወይም ሌላ ሰው የጻፈውን ይወስዳል። አሁን ሲስተሙን መጠየቅ ይችላል። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 እንደምትሆን ክፍሉ ያውቃል፤ ዓመቱን በዓመተ ምሕረትም በዓመተ ዓለምም ይቆጥራል። አንድ ወጥመድ ግን አለው፤ ወሮቹን ከ0 ስለሚጀምር መስከረም 0፣ ጳጉሜን 12 ናት። ይህን የዘነጋ ፕሮግራመር ተጠቃሚዎቹን እንቁጣጣሽን በጥቅምት ያስከብራቸዋል። ሰዓታችንን ደግሞ አያውቀውም። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት የሚለውን አቆጣጠር የፈለገ አፕ ሠሪ ዛሬም ስድስት ሰዓት የሚቀንሰው በራሱ እጅ ነው።

አዲስ ክፍል ሲጨመር አሮጌው ስልክ ወደኋላ ይቀራል። እያንዳንዱ የአንድሮይድ እትም የኤፒአይ ደረጃ ቁጥር አለው፤ 6.0 ደረጃው 23፣ 7.0 ደግሞ 24 ነው። በደረጃ 23 ስልክ ላይ ያለ አፕ የካሌንደሩን ክፍል በስም ቢጠራ የሚሰማው የለም፤ አፑ ወዲያው ይዘጋል። ስለዚህ ጠንቃቃ ፕሮግራመር አስቀድሞ የስልኩን ደረጃ ይጠይቃል፤ ካነሰ የራሱን ስሌት ይጠቀማል። አፖች በአሮጌ ስልክ ላይ ድንገት እየተዘጉ የሚያስቸግሩበት አንዱ ምክንያት ይህን ጥያቄ መዝለል ነው።

እነዚህ የትእዛዝ ስሞች የማን ንብረት ናቸው? ጥያቄው በአሜሪካ ከአሥር ዓመት በላይ አከራክሯል። ጎግል አንድሮይድን ሲሠራ በጃቫ ቋንቋ የለመዱ ፕሮግራመሮች እንደ አዲስ ሳይማሩ እንዲሠሩለት ፈለገ። ስለዚህ የ37 የጃቫ ጥቅሎችን ስምና አደረጃጀት እንዳለ ወሰደ፤ ወደ 11,500 መስመር ኮድ ማለት ነው። ከስሞቹ ሥር ያለውን፣ ሥራውን የሚሠራውን ኮድ ግን ራሱ ጻፈ። ለምሳሌ «ማክስ» የሚባለው ትእዛዝ ሁለት ቁጥር ተቀብሎ ትልቁን ይመልሳል፤ ጎግል የወሰደው መጠሪያውን እንጂ ማወዳደሪያውን አልነበረም። ጃቫን የፈጠረውን ሰን ማይክሮሲስተምስን የገዛው ኦራክል በ2010 ከሰሰ፤ የጠየቀው ካሳም በኋላ ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ።

ጉዳዩ በሥር ፍርድ ቤቶች አንዴ ለጎግል፣ አንዴ ለኦራክል እየተፈረደ ሲመላለስ ቆይቶ፣ በኤፕሪል 2021 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ2 በሆነ ድምፅ ለጎግል ፈረደ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ስቲቨን ብሬየር ነበሩ፤ የጎግል አወሳሰድ ሕግ የሚፈቅደው ተገቢ አጠቃቀም ነው አሉ። መጠሪያዎቹ ከመነሻው በቅጂ መብት ሊጠበቁ ይችላሉ ወይ የሚለውን ግን ፍርድ ቤቱ አልወሰነም፤ ለክርክሩ ሲባል ይችላሉ እንበል ብሎ አለፈው።