ከቀለሃ አፍ የሚቆረጠው ነሐስ

አሜሪካ ውስጥ ብዙ አዳኞችና ዒላማ ተኳሾች ተኩሰው ቀለሃውን አይጥሉም። ቤት ወስደው ያጸዱታል፣ ቅርጹን ይመልሱለታል፣ ባሩዱን የምታቀጣጥለውን ቆብ በአዲስ ይተኩለታል፣ ባሩድ መዝነው ይጨምሩበትና አፉ ላይ አዲስ አረር ይሰኩበታል። በዚህ ሁሉ መሀል ቀለሃውን በልኩ መቁረጥ የሚባል ሥራ አለ። ስለ ባሩድና ስለ አረር ሲያወጉ የሚያመሹ ሰዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ይጨፈግጋል፤ አሰልቺ ነው ይላሉ። እኔ ደግሞ ከሥራው ሁሉ የምወደው ይህንኑ ነው።

ቀለሃ 70 ከመቶው መዳብ፣ 30 ከመቶው ዚንክ የሆነ ነሐስ ነው። በተተኮሰና ቅርጹ በተመለሰ ቁጥር ይረዝማል። .30-06 የሚባለውን ጥይት እንውሰድ። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1906 የተቀበለው፣ የእኛም የቃኘው ሻለቃ ልጆች ኮሪያ ላይ በኤም-ዋን ጠብመንጃ የተኮሱት ነው። ቀለሃው ከ63.35 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም፤ ከበለጠ ወደ 63.09 ይቆረጣል። ልዩነቱ ሩብ ሚሊሜትር ብቻ ነው። ይህን ሩብ ሚሊሜትር የናቀ ሰው ግን ራሱን አደጋ ላይ ይጥላል። የረዘመ ቀለሃ አፉ ጠብመንጃው ውስጥ ጥይቱ ከሚያርፍበት ከማጉረሻው ጫፍ ጋር ይጋጭና አረሩን ጨምድዶ ይይዘዋል፤ አረሩ በወጉ ስለማይለቅ የጋዙ ግፊት ጠብመንጃው ከሚችለው በላይ ሊወጣ ይችላል።

መሣሪያው ቀላል ነው፦ አንድ ካሊፐርና በእጅ የሚዞር ትንሽ መቁረጫ። ከተቆረጠ በኋላ የአፉን ጠርዝ ከውስጥም ከውጭም ማለስለስ ነው፤ አለበለዚያ ስለታሙ ጠርዝ አረሩ ሲገባ ሽፋኑን ይልገዋል። እንደ .45 አውቶማቲክ ያሉ ቀጥ ያሉ የሽጉጥ ቀለሃዎችን ተዉአቸው። እነሱ ማጉረሻው ውስጥ የሚያርፉት በአፋቸው ነው፤ በአገልግሎት ብዛትም ከመርዘም ይልቅ ያጥራሉ።

ርዝመት የሚለካው ቅርጹ ከተመለሰ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ለክተው የሚቆርጡ ሰዎች ድካማቸው ከንቱ ነው፤ ቅርጹን የሚመልስለት መሣሪያ፣ ማለትም ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ሲገባ እንደገና ይረዝማልና።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። አብዛኛው ሰው ቀለሃ የሚረዝመው አንገቱ ስለሚለጠጥ ይመስለዋል። ስለዚህ ትርፉን ቆርጦ ሲጥል ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። ያ ትርፍ ነሐስ ከየት መጣ? ቃታው ሲሳብ የቀለሃው የፊተኛው ግድግዳ ቀጭን ስለሆነ በግፊቱ ተነፍቶ ማጉረሻው ላይ ይጣበቃል። ግርጌው ግን ወፍራም ነው፤ አይጣበቅም፣ ወደ ኋላ ተገፍቶ ከመዝጊያው ጋር ይላተማል። ፊቱ ቆሞ ኋላው ሲሄድ በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ይሳባል፣ ይሳሳል። በኋላ ቅርጽ ማውጫው ገላውን ሲጨምቀው ነሐሱ በመዳፍ መሀል እንደተጨመቀ ሊጥ ወደ አንገቱ ይሸሻል። መቁረጫው ከአፉ የሚያነሳት ወርቃማ ብናኝ እንግዲህ ከታች የጎደለች ናት። በቆረጣችሁ ቁጥር ቀለሃው ግርጌው አጠገብ እየሳሳ ነው።

ይህን የሚያሳየው ዕቃ ደግሞ ከአንድ አግራፍ አይበልጥም። አግራፉን ዘርግታችሁ ጫፉን በቀኝ ማዕዘን አጥፉት፣ በሞረድ አሹሉት። ቀለሃው ውስጥ አስገብታችሁ ከግርጌ ወደ ላይ ግድግዳውን እየዳሰሳችሁ ሳቡት። ደህና ከሆነ ሽቦው ያለ ችግር ይንሸራተታል። የደከመ ከሆነ ከታች አንድ ሳንቲሜትር ገደማ ላይ ጫፉ ቦይ ውስጥ ገብቶ ይይዛል፤ ጣታችሁ በግልጽ ይሰማዋል። አንዴ ተኩስ ሜዳ ላይ አንድ ደግ ሰው እንደ መስታወት የሚያበራ ቀለሃ በከረጢት ሰጠኝ፤ ሁሉም ተለክቷል፣ በልኩ ተቆርጧል። ቤት ወስጄ ሽቦውን ሳስገባ ግማሹ ቦይ አውጥቷል። ከውጭ ምንም አይታይም ነበር። እንዲህ ያለ ቀለሃ ማጉረሻው ውስጥ ለሁለት ሊበጠስና ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ሊለቅ ይችላል።

ቶሎ ቶሎ መቁረጥ ካስፈለጋችሁ ጥፋቱን ቅርጽ ማውጫው ላይ ፈልጉት። ብዙዎች እስከ መጨረሻው ያጠብቁታል፤ የቀለሃው ትከሻ ከሚገባው በላይ ወደ ኋላ ይገፋና በሚቀጥለው ተኩስ ያንኑ ያህል ይለጠጣል። መዝጊያው በእጅ ለሚሳብ የአደን ጠብመንጃ ትከሻውን 0.05 ሚሊሜትር ያህል መመለስ ይበቃል። ይህን ያስተካከለ ሰው መቁረጫውን ከወትሮው ዘግየት ብሎ ያነሳል፤ ቀለሃውም ዕድሜ ያገኛል።

ቦይ ያወጣውን ቀለሃ ደግሞ እንዳለ ቅርጫት ውስጥ አትጣሉት። የሚያብረቀርቅ ስለሆነ ሌላ ሰው አንስቶ ይሞላዋል። አፉን በፒንሳ ጨፍልቃችሁ ጣሉት።