ከበረት እርጥበት ስለሚነሣው የላሞች ጡት በሽታ

በክረምት ወራት በረት ሲጨቀይ የጥገት ላም ጡት በድንገት ያብጣል፥ ይግላል፤ ወተቱም ውሃ መስሎ፥ አንዳንድ ጊዜም ደም ቀላቅሎ ይወርዳል። ባለቤቱ ከሌላ ላም የተጋባባት ይመስለዋል። ከላም ወደ ላም የሚተላለፍ የጡት በሽታ በእርግጥ አለ፤ ይህኛው ግን የሚነሣው ላሚቱ ከምትተኛበት እበትና ረጥቦ ከበሰበሰ ጉዝጓዝ ነው። በዚያ ከሚራቡት ረቂቃን ተሐዋስያን አንዱ ኢ ኮላይ ይባላል፤ መኖሪያው የከብት አንጀት ነውና እበት ካለበት ስፍራ አይጠፋም።

ላሚቱ ከታለበች በኋላ የጡቷ ቀዳዳ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ያህል ሳይዘጋ ይቆያል። በዚያ ጊዜ በእርጥብ መሬት ላይ ብትተኛ ተሐዋስያኑ በቀላሉ ይገቡባታል። ስለዚህ አልቦ ወዲያው ድርቆሽ ማቅረብ ይገባል፤ እየበላች ቆማ ትቆያለችና። ከዚህ የረከሰ መድኃኒት አይገኝም።

እበቱን በየዕለቱ መጥረግ፥ ደረቅ ገለባም መጎዝጎዝ ያስፈልጋል። ጡቱን አጥቦ ሳያደርቁ ማለብ ግን ጉዳት አለው፤ ውሃው ቆሻሻውን ወደ ጡቱ ጫፍ ያወርደዋልና። ማድረቂያውም ጨርቅ ለእያንዳንዷ ላም የተለየና ንጹሕ ይሁን። የወረዳ ሹማምንት የመድኃኒት አቤቱታ ሲቀርብላቸው አስቀድመው በረቱን ገብተው ይመልከቱ።

አደጋው የሚበረታው ላሚቱ ልትወልድ ስትቃረብና በወለደች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ያን ጊዜ ታማ መብል ከተወች ፈጥና ልትሞት ትችላለችና የእንስሳት ሐኪም ሳይውል ሳያድር ይጠራ። መድኃኒት የተወጋች ላም ወተትም ሐኪሙ የወሰነው ቀን እስኪያልፍ ለሰው አይሰጥ፤ በበረቱም ውስጥ አይደፋ።