የመስታወት የዓሣ ገንዳና የቧንቧ ሥራው

በአርባ ምንጭ ከተማ ግርጌ፣ በነጭ ሣር ፓርክ ደን ውስጥ፣ ለከተማዋ ስም ያወጡላት ምንጮች ይፈልቃሉ። ምንጮቹ ከመኖሪያ ሰፈሮቹ በታች በመሆናቸው ውሃው በቅድሚያ በፓምፕ ሽቅብ ተገፍቶ ወደ ማጠራቀሚያ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ሲቀላና ወደ ሼቻ ቤቶች የሚያወርደው የመሬት ስበት ነው። በቤቱ በመስታወት ገንዳ ዓሣ ማኖር የሚሻ ሰውም የሚያቅደው ይህንኑ ሥርዓት በትንሹ ነው፤ ፓምፕ ያነሳል፣ ስበት ያወርዳል። ችግሩ ፓምፑ በመብራት መጥፋት ሲቆም ስበት አብሮት አለመቆሙ ነው።

ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 50፣ የውሃው ከፍታ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ እንውሰድ። 200 ሊትር ይይዛል፤ ውሃው ብቻውን 200 ኪሎ ግራም ይመዝናልና ተራ ጠረጴዛ አይችለውም። የውሃው ግፊት ከላይ ዜሮ፣ ከታች 3.9 ኪሎ ፓስካል ነው። አማካዩን በፊት መስታወቱ ስፋት፣ በ0.4 ካሬ ሜትር፣ ስናባዛው 785 ኒውተን ያህል እናገኛለን፤ 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው መስታወቱ ላይ እንደተኛ ማለት ነው። ወርዱን እጥፍ ብናደርገው ይህ ኃይል አይለወጥም፤ ከፍታውን እጥፍ ብናደርገው ግን አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ቦታ ያለው ሰው ገንዳውን ያስፋው እንጂ አያስረዝመው። (ከጫሞ ሐይቅ ቆሮሶ አምጥቶ ማሳደግ የሚያምረው ይኖር ይሆናል፤ ለአደገ ቆሮሶ ግን 200 ሊትር ይጠበዋል።)

በየሳምንቱ ከውሃው ሩቡን፣ ማለትም 50 ሊትሩን፣ መለወጥ የተለመደ ነው። አዲሱን ውሃ በቀጥታ ከቧንቧ መቅዳት አይገባም። ለማከሚያ የሚጨመረው ክሎሪን የዓሣን ስንጥብ ይጎዳልና ውሃው ክዳን በሌለው የፕላስቲክ በርሜል አየር እየተነፋበት ቢያድር ይመረጣል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ በርሜል መጠባበቂያም ይሆናል። መዳብና ዚንክ ለሰው በማያሰጋ መጠን እንኳ ዓሣን ስለሚመርዙ ለገንዳው የሚዘረጋው መስመር ፕላስቲክ ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ብዙዎች ከገንዳው በታች ማጣሪያ የያዘ ሁለተኛ ሣጥን ያስቀምጣሉ፤ ውሃው ከላይ ሞልቶ ወደ ሣጥኑ ይወርዳል፣ ፓምፑም መልሶ ያወጣዋል። የመመለሻው ቧንቧ አፍ ከውሃው ገጽ 6 ሳንቲ ሜትር ጠልቋል እንበል። መብራት ሲጠፋ ያው ቧንቧ ውሃውን ወደ ኋላ ይስበዋል፤ ገጹ እስከ ቧንቧው አፍ እስኪወርድ ድረስም አይቆምም። የገጹ ስፋት 5,000 ካሬ ሳንቲ ሜትር ስለሆነ አንድ ሳንቲ ሜትር በወረደ ቁጥር 5 ሊትር ይፈስሳል፤ በጠቅላላው 30 ሊትር! ሣጥኑ ያን ያህል ባዶ ቦታ ከሌለው ቀሪው ወለሉን ያጥለቀልቃል፣ ከገመድና ከሶኬት ጋርም ይገናኛል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቧንቧው ላይ ከውሃው ገጽ 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ትንሽ ቀዳዳ መብሳት። ገጹ እዚያ ሲደርስ አየር ይገባል፣ ስበቱም ይቋረጣል፤ የሚወርደው 5 ሊትር ያህል ብቻ ነው። ቀዳዳዋ በአልጌ እንዳትደፈን በየጊዜው መጥረግ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የመብራት መጥፋት አደጋ የኦክስጅን እጥረት ነው። በባሕር ወለል ከፍታ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ ውሃ በሊትር 8.3 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። በአርባ ምንጭ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ የአየር ግፊቱ ስለሚያንስ መጠኑ ወደ 7 ይወርዳል። በዚያው ዞን በ2,700 ሜትር ገደማ የምትገኘው ጨንቻስ? ግፊቱ ይበልጥ ያንሳል፤ ነገር ግን ውሃው 15 ዲግሪ ቢሆን ቅዝቃዜው ኦክስጅንን አብዝቶ ስለሚይዝ ስሌቱ እዚያም ወደ 7 ይደርሳል። ልዩነቱ በሞቀ ውሃ ውስጥ ዓሣው ፈጥኖ ስለሚተነፍስ ቆላ ያለው ገንዳ ቀድሞ መታፈኑ ነው። መብራት በጠፋ ጊዜ እንግዲህ ለዓሦቹ ምግብ አይሰጥ፤ መፍጨቱ ራሱ ኦክስጅን ይበላል። ከገንዳው በጣሳ እየቀዱ ከአንድ ክንድ ከፍታ ቀስ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ፣ ይህንንም በየሩብ ሰዓቱ ለጥቂት ደቂቃዎች መደጋገም፣ እስኪበራ ድረስ ሊያቆያቸው ይችላል።