አሮጌ ባሌስትራ ለምን መጥረቢያ ይሆናል?

በአዲስ ቅዳም ዙሪያ፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬው ዲከረንስ የተባለ ዛፍ እየተከለ ለዓመታት ከሰል ሲያከስል፣ ከሰሉም በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ ከተሞች ሲወጣ ኖሯል። መኪናውን የሚሸከመው ባሌስትራ ሲሰበር ብረቱ አይጣልም። በአገራችን ቀጥቃጮች ዘንድ ለመጥረቢያ፣ ለቢላና ለማጭድ እጅግ ከሚፈለጉት ብረቶች አንዱ እሱ ነው። በየግንባታው የፌሮ ቁርጥራጭ ሞልቶ ሳለ ስለምን ባሌስትራ ይመረጣል?

ዋናው ነገር ካርቦን ነው። በተለመደው ፌሮ ውስጥ ያለው ካርቦን ከ0.3 በመቶ አያልፍም፤ በባሌስትራ ግን ወደ 0.6 በመቶ ይጠጋል፤ ሲሊከን፣ ማንጋኒዝ ወይም ክሮሚየምም ይታከልበታል። ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል። ብረቱ በወናፍ እሳት ግሎ ባንዴ ሲነከር ግን ካርቦኑ ከክሪስታሉ ለመውጣት ጊዜ ያጣና እዚያው ታፍኖ ይቀራል፤ ክሪስታሉን ይወጥረዋል። ስለቱ የሚጠነክረው ያን ጊዜ ነው። እንዲሁ ቢተው ግን ሲመቱት እንደ ሸክላ ይሰበራል። ስለዚህ ባለሙያው በመጠኑ መልሶ ያሞቀዋል፤ ከጥንካሬው ጥቂት ቀንሶ ከመሰበር ያድነዋል። ልኩን ያለ ቴርሞሜትር፣ በብረቱ ላይ የሚወጣውን ቀለም አይቶ የሚያውቅ ሰው ዕውቀቱ ከባድ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱበት አገር ይህን ሙያ ለረጅም ዘመን መናቁ ያሳዝነኛል።

ጥንካሬና መለጠጥ የሚጣሉት ለምንድን ነው? ብረት የሚታጠፈው በውስጡ ያሉት የአቶም ድርድሮች አንዱ በሌላው ላይ ስለሚንሸራተቱ ነው። መንሸራተቱን የሚያግድ ሁሉ ብረቱን ያጠነክራል፤ ፈጽሞ ካገደው ግን ብረቱ መታጠፉ ቀርቶ ይሰነጠቃል።

የፌሮ አምራቾች ይህን ጠብ ከሚያበርዱባቸው ዘዴዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በቤልጂየም የተፈለሰፈው ቴምፕኮር ነው። 1000 ዲግሪ ገደማ የጋለው ዘንግ ከመዳመጫው እንደወጣ ለቅጽበት ያህል ኃይለኛ ውሃ ይለቀቅበታል። ቆዳው ይጠነክራል። ልቡ ግን እንደጋለ ስለሚቀር ሙቀቱ ወደ ውጭ ፈልሶ ቆዳውን መልሶ ያሞቀዋል፤ ቀጥቃጩ በሁለተኛ እሳት የሚሠራውን ዘንጉ በራሱ ሙቀት ይሠራዋል ማለት ነው። ውጭው ጠንካራ፣ ውስጡ ተለጣጭ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ፌሮ ለማጠፍ በእሳት ማጋል ታዲያ የቆዳውን ጥንካሬ ማጥፋት ነው፤ መታጠፍ ያለበት በቀዝቃዛው ነው። መለጠጡ ደግሞ በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ይጠቅማል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ብዙዎቻችን ስለ ሕንጻዎቻችን ተጨንቀናል። ፌሮው የሚለጠጥ ምሰሶ ቢጎዳ እንኳ ባንዴ አይናድም፤ ተሰንጥቆና አዘንብሎ ለነዋሪው የመውጫ ጊዜ ይሰጣል። ስለዚህ ለፌሮ መለጠጥ ለጥንካሬው ያህል መጠንቀቅ ይገባል።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን ማንጋኒዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 የሼፊልዱ ሮበርት ሃድፊልድ ማንጋኒዝን እስከ 12 በመቶ ገደማ ሲያበዛ፣ ብዙ ማንጋኒዝ ብረትን ያሰባብራል የሚባለው ግምት ተገለበጠ። ያገኘው ብረት የማይሰበር ብቻ ሳይሆን በተመታ ቁጥር ገጹ የሚጠነክር ሆነ። በዱላ ብዛት ይበረታል! ለመንገድ ጠጠር ጥቁር ድንጋይ የሚሰባብረው ክሬሸር ጥርሶች እስከ ዛሬ የሚሠሩት ከዚህ ዝርያ ነው፤ የባቡር ሐዲድ መገናኛዎችም እንደዚሁ።

የሃድፊልድ ብረት ልጆች ልንላቸው የምንችላቸው አዲሶቹ ብረቶች ከ15 እስከ 30 በመቶ ማንጋኒዝ ይይዛሉ። ሲጎተቱ በክሪስታሎቻቸው ውስጥ መንትያ ንብርብሮች ይፈጠራሉ፤ ንብርብሮቹም የአቶሞቹን መንሸራተት በየቦታው ስለሚያግዱ የተለጠጠው ክፍል ይጠነክርና ጫናው ወዳልተለጠጠው ይዛወራል። ብረቱ አንድ ቦታ ላይ ቀጥኖ የሚበጠሰው እጅግ ዘግይቶ፣ ብዙ ጊዜ በግማሽ ርዝመቱ ያህል ከተለጠጠ በኋላ ነው። ለመኪና ግጭት መከላከያ ከዚህ የተሻለ ጠባይ አይገኝም። ሆኖም ማንጋኒዙ ሲበዛ ዋጋው ይወደዳል፤ ማቅለጡም ማፍሰሱም ይከብዳል። ተመራማሪዎች አሁን ማንጋኒዙን ወደ 10 በመቶና ከዚያ በታች አውርደው ያንኑ ጠባይ ለማግኘት እየሠሩ ነው።