የፍሪጅ ጀርባና የሬኮ አየር

ፍሪጅ ብርድ አያመርትም። ከውስጥ ያለውን ሙቀት ለቅሞ በጀርባው ወደ ቤታችሁ ያስወጣል እንጂ። ከኋላው ያለውን ጥቁር ቱቦ ስትነኩት የሚሞቃችሁ ለዚህ ነው። ያ ሙቀት በደንብ ካልወጣ ኮምፕረሰሩ ዕረፍት ያጣል፤ ቆጣሪውም አብሮ ይሮጣል።

የእኛ አገር ከፍታ ጣልቃ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ዲላ ከባሕር ወለል በላይ 1570 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቡና ወደሚበቅልበት ወደ ሬኮ አካባቢ ስንወጣ 2000 ሜትርን እንጠጋለን። በእኩል የሙቀት መጠን ቢለካ የዲላ አየር ከባሕር ዳርቻው በ17 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ 2000 ሜትር ላይ ደግሞ በ21 በመቶ። ደጋ ላይ ባቄላ አልበስል የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው፦ ግፊቱ ስለሚቀንስ ውሃው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል።

ቱቦውን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። የሞቀው ወደ ላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው ይተካዋል። አየሩ ሲሳሳ ይህ ዑደት ይደክማል። ማራገቢያ በሌለው ፍሪጅ በዚህ መንገድ የሚወጣው ሙቀት፣ በሒሳብ ሲሰላ፣ ዲላ ላይ 9 በመቶ፣ ሬኮ ላይ 11 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ማራገቢያ ያለውም አያመልጥም፤ የሚገፋው አየር በሊትር ያው ቢሆንም በክብደት ያንሳል። ቱቦው ውስጥ ያለው ጋዝ ግን የታሸገ ስለሆነ ከፍታው አይነካውም፤ ችግሩ ከውጭ ብቻ ነው።

ሬኮ ላይ ብርዱ ራሱ ጉድለቱን ይክሰዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ዲላ ናት፤ አየሩ ሳስቶም የበጋው ቀን ይሞቃል። ጉዳዩ የለስላሳ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩ። አብዛኛው የሕፃናት ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መካከል መቀመጥ አለበት፤ የጤና ጣቢያ ፍሪጅ ሙቀት ማስወጣት ሲያቅተው የሚበላሸው እሱ ነው።

ስለዚህ ፍሪጃችሁን ከግድግዳው ቢያንስ አንድ መዳፍ አርቁት። ሶኬቱን ነቅላችሁ የቱቦውን አቧራ በብሩሽ አራግፉ። ላዩ ላይ ካርቶን የምትከምሩ ደግሞ አንሱ።

ዲላ ያላችሁ የምሕንድስና ተማሪዎች፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ከሆነ ይኸው፦ አንድ ዓይነት ፍሪጅ፣ እኩል ውሃ፣ ቴርሞሜትርና የመብራት መለኪያ። ሳምንት ዲላ፣ ሳምንት ሬኮ። የክፍሉን ሙቀት በየሰዓቱ መዝግቡ፤ ያለ እሱ የብርዱንና የከፍታውን ድርሻ መለየት አይቻልም። ውጤቱን ላኩልኝ፣ እዚሁ ቻናል ላይ እለጥፈዋለሁ።